በደረቅ አልጋ ላይ የሰመጠው ሰው

ኡስታዝ ሳዲቅ የሞተው ሰምጦ ነው። ወንዙ ከቤቱ ደጃፍ ብዙም የማይርቅ ቢሆንም ሽማግሌው የተገኘው ወንዝ ውስጥ ሳይሆን አልጋው ላይ፣ ሦስት ትራስ ተደግፎ፣ አንሶላው ጠብታ ሳይነካው ነበር። ሐኪሙ ያበጠ እግሩን በጣቱ ተጭኖ፣ ከአፉ ጥግ የደረቀውን አረፋ አይቶ «ሳንባው ውሃ ሞልቷል» አለና ፈርሞ ሄደ። ሐኪም ስም ይሰጣል፤ ለምን የሚለውን ለሌላ ሰው ይተወዋል።

ያ ሌላ ሰው ጥጋቡ ሆነ። ጥጋቡ ካርቱም ሁለት በሚባለው የካርቱም ሰፈር የስልክ ሽፋንና ቻርጀር የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችው። ድሮ ኮምቦልቻ የወንጀል መርማሪ ፖሊስ ነበር። አሁን የሐበሻ ልጅ በተያዘ ቁጥር የፖሊስ ጣቢያው ለአስተርጓሚነት ይጠራዋል። አስተርጉም ሲሉት መመርመር አመሉ ነው፤ አንዳንዱ መኮንን በዚህ ይናደድበታል፣ አንዳንዱ ይጠቀምበታል። የአል-ማንሺያው ሙላዚም፣ ገና ወጣት የሆነው መኮንን፣ ከሚጠቀሙበት ወገን ነበር።

«ነገሩ ኸላስ፣ ያለቀ ነው» አለው ሙላዚሙ፣ የግቢውን በር እያሳለፈው። «ሽማግሌው ኩላሊቱ የሞተ ሰው ነበር። በሳምንት ሁለቴ ሶባ ሆስፒታል ሄዶ ደሙን በማሽን ይታጠባል። ኩላሊት የሌለው ሰው የጠጣው ውሃ አይወጣለትም፣ ስለዚህ በልክ ነው የሚሰጠው። ሠራተኛዋ ተደብቃ አጠጣችው። የወንድሙ ልጅ በዓይኑ አይቷታል። ቃሏን ተርጉምልኝ፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ኦምዱርማን፣ የሴቶች እስር ቤት ትወሰዳለች።»

«ሆን ብላ ነው?»

«እሱን ዳኛው ይጨነቅበት። ያላ፣ ግባ።»

ሬሕማ ከማዕድ ቤቱ ደጃፍ መሬት ላይ ተቀምጣለች። የከሚሴ ልጅ ናት፣ ካርቱም ከገባች ዓመት አልሞላትም፤ ዐረብኛዋ ከመጥረጊያና ከድስት ስም አያልፍም። እጇ በካቴና ታስሮ ስለነበር የወረደ ሻሿን መመለስ አቅቷታል። ጥጋቡ ጎንበስ ብሎ ሻሿን አስተካከለላት።

«አብሽሪ ልጄ። ጥጋቡ እባላለሁ። የምትዪውን ለነዚህ ሰዎች የምነግራቸው እኔ ነኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

«በምን?»

ሙላዚሙ ከኋላ ቆሞ «ጋለት ሸኑ?» አለ፣ ምን አለች ማለቱ ነው።

ጥጋቡ በአስተርጓሚነቱ ዘመን ቃል አጉድሎ አያውቅም። አሁን ግን «በጣም አዝናለች» አለው። ያለችውን ከተረጎመው አንገቷ ላይ ገመድ ማጥለቁ ነው፣ ካልተረጎመው ደግሞ የተከበረበትን ሥራ ማርከሱ። ሆኖም የገደለ ሰው መጀመሪያ የሚላት ቃል «አላውቅም» መሆኗን ከኮምቦልቻ ጀምሮ ያውቃል። ሳይጠየቅ «እኔ ነኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ልቡ ያለው ሌላ ጉዳይ ላይ ነው።

«ውሃ ሰጥተሻቸዋል?» አላት።

«ኤ ሲፕ።»

ጥጋቡ ቀና አለ። «እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ እንዴ?»

«የትንሽ የትንሹን ብቻ ነው የማውቀው። ኡስታዝ ድሮ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበሩ አይደል? ‹በዐረብኛ ሹወያ፣ በእናንተ ትንሽ ትላላችሁ፤ የአንዱ ትንሽ ለሌላው ብዙ ነው› ይሉን ነበር፤ ወጥ ሠሪዋ ናት የምትተረጉምልኝ። እንግሊዝ ግን ለእያንዳንዷ ትንሽ ስም አውጥታለች ይላሉ። በሁለት ጣት የተቆነጠረች ጨው ፒንች ናት። ጠርሙስ አንዴ ጎንበስ ብሎ የሚተፋት ዳሽ ናት። ከንፈር ነክታ ጉሮሮ ሳይሰማት የምታልፈው ደግሞ ሲፕ።» ያለቀሰ ፊቷ ላይ ፈገግታ ለመምጣት ሞክሮ ተመለሰ። «በእንግሊዝኛ እንደምን አደሩ ማለት አልችልም ጋሼ። ትንሽን ግን በየስሟ እጠራታለሁ።»

«እና ይለምኑሽ ነበር።»

«ውሃ በእጃቸው ላይነኩ ለሚስታቸው ለሲት ኒዕማ ምለውላታል። ወላሂ መሐላቸውን አላፈረሱም። ‹ጀስት ኤ ሲፕ› እያሉ እኛን ነው የሚለምኑን። እንዲህ ሲሉ ሽማግሌ አይመስሉም፤ እንደ ልጅ ነው የሚሆኑት። ትናንት ማታም እንደ ሌላው ጊዜ አንዴ ሰጠሁ። አንዴ ብቻ።»

ሌላ የምትጨምረው እንዳለ አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። ጥጋቡ ሊገፋት አልፈለገም። በሲፕ ሰው ሰምጦ አይሞትም፣ ሲል አሰበ፤ የተቀረው ውሃ ከየት መጣ?

ማዕድ ቤት ውስጥ ወጥ ሠሪዋ ይመኙሻል ለለቅሶኛ የሚሆን ባሚያ እየከተፈች ነበር። የጎንደር ሴት ናት። ካርቱም ከመቆየቷ ብዛት ዐረብኛው ከአማርኛዋ ጋር እንደ ሻይና ስኳር ሟሟቶባታል።

«እኔ ሹግሌን፣ ሥራዬን ብቻ ነው የማውቀው ወንድሜ» አለች ቢላዋዋን ሳታቆም። «ለሳቸው ጨው የለ፣ ቲማቲም የለ፣ ውሃ መምኑዕ፣ ክልክል ነው። የፍሪጁ ሙፍታህ፣ ቁልፉ፣ ሲት ኒዕማ አንገት ላይ ነው የሚውል። በሰው ቤት ሕግ እኔ ምን አገባኝ?»

«ሲለምኑሽስ?»

ቢላዋው ቆመ። «ኤ ስፑንፉል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከሾርባው። እሱንም ማንም ሳያይ። አንድ ማንኪያ ሰው ይገድላል እንዴ? እስቲ አንተው ፍረድ።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትማ ምሳዬን እንዳለ መለሱት። ሁሌ ከማሽኑ ሲመለሱ ረሃባቸው አይጣል ነው፤ ዳቦውን ከእጄ ነው የሚቀሙኝ። ትናንት ግን ጠግበው ገቡ። ጠግበው ገብተው ደግሞ ውሃ ውሃ ሲሉ ዋሉ፤ እንደ ትናንት ሲለምኑ አይቼ አላውቅም። ፎጣቸውን ባነሳ የተጠበሰ ዓሣ ሸተተኝ። ዓሣ እኔ አልሠራሁ! አፍንጫዬ ነው ብዬ ተውኩት።»

ጥጋቡ አንድ ነገር ልብ አለ። ሴትዮዋ በአማርኛና በዐረብኛ እየተንደረደረች መጥታ ጥፋቷ ላይ ስትደርስ ወደ እንግሊዝኛ ዘለለች። ሬሕማም እንዲሁ አድርጋለች። ሰው በእናቱ ቋንቋ «አጠጣሁት» ለማለት ሲከብደው በባዕድ ቋንቋ ይለዋል፤ እዚያ ቃሉ ክብደት የለውም። ሽማግሌው ይህን ያውቅ ነበር ማለት ነው። ክፉ አልነበረም፤ የጠማው ሰው ነበር።

ሲት ኒዕማ ሳሎን ውስጥ ነጭ የሐዘን ቶብ ተከናንባ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ተቀምጣለች። የፍሪጁ ቁልፍ አሁንም አንገቷ ላይ ነው።

«አል-በረካ ፊኩም» አለ ጥጋቡ ለሐዘንተኛ እንደሚባለው፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

«ልጅቷን ውሰዱልኝ» አለች በዐረብኛ። «ባሌን በልክ እያኖርኩት ነበር። በልክ መኖር መኖር ነው። እሷ መጥታ ልኩን አፈረሰችብኝ።»

«እርስዎ አንድ ቀንም አልራሩላቸውም?»

ሴትዮዋ በቁጣ ቀና አለች። ቁጣዋ ግን ብዙ መንገድ ሳይሄድ ደከመ። ቁልፉን በጣቷ ዳበሰች።

«ኤ ቺፕ። የበረዶ ስባሪ፣ ጥፍር የምታህል። ከንፈሩ ሲሰነጠቅ ማየት አልቻልኩም። ማንም አያውቅም፤ እባክህ ለማንም አትንገር።»

«ትናንት ወደ ሶባ ማን ወሰዳቸው?»

«ኢስሐቅ፣ የወንድሙ ልጅ። ሁሌም እሱ ነው የሚወስደው። አልወለድነውም እንጂ ልጃችን ነው። ታጥቦ ተመልሷል፤ ፋሻውን ከእጅጌው ሥር በዓይኔ አይቻለሁ።»

ኢስሐቅ በረንዳው ላይ ከወዲያ ወዲህ ይላል። ምህንድስና ተምሮ ሥራ ያጣ፣ ፊቱ እንቅልፍ ያጣ ወጣት ነው። እጁን እየደጋገመ በሱሪው ላይ ይጠርጋል።

«ስታጠጣው አይቻታለሁ። ማታ፣ በኩባያ።»

«አልከለከልካትም?»

«ትንሽ መስሎኝ... ኤ ሲፕ መስሎኝ።»

«ሶባ እንዴት ነበር?»

«እንደ ሁልጊዜው። ዘሕማው፣ የመኪናው መጨናነቅ፣ ሙቀቱ። እኔ ደም ማየት ስለማልችል ወደ ውስጥ ገብቼ አላውቅም፤ መኪና ውስጥ ነው የምጠብቀው። ግን ለምን ታቆዩታላችሁ? ለሟች ክብሩ ቶሎ መቀበሩ ነው። ሰዉ መቃብር ላይ እየጠበቀ ነው።»

እውነቱን ነው፤ የእስልምናው ሥርዓት እንዲያ ነው፤ ጥጋቡም ሊነቅፈው አልቻለም። ቢሆንም ገላው ከመታጠቡ በፊት አስከሬኑን እንዲያሳየው ሙላዚሙን ለመነው።

ሽማግሌው ጀርባውን ትራስ ላይ እንዳሳረፈ ነው። ጥጋቡ እጅጌዎቹን በቀስታ ሰበሰበ። ግራ እጁ ላይ ለማሽኑ የተሠራው ደም ስር እንደ ገመድ ተወጥሮ ይታያል፤ ቆዳው በመርፌ ብዛት ተጠቃቅሷል። ፋሻው ያለው ግን ቀኝ እጁ ላይ ነው። ፈታው። ጎዙ ከፓኮው እንደወጣ ነጭ ነው፤ አንዲት ጠብታ ደም አልነካውም። ከሥሩ ያለው ቆዳ ጤነኛ ነው። ወንበር ላይ የተጣለው የትናንቱ ጀለቢያ ጠርዙ ላይ ጭቃ ደርቆበታል። ሆስፒታል ውስጥ ጭቃ የለም፤ በዚህ ሰሞን ካርቱም ላይ ዝናብ የሚባል ነገርም አልነበረም።

ተመልሶ ሬሕማ አጠገብ ቁጭ አለ።

«ከማሽን ሲመለሱ ፋሻውን የሚፈታው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ሁሌ ማታ ደም የነካውን ጎዝ አውጥቼ እጥላለሁ። ትናንት ልፈታው ስል ኢስሐቅ ‹ተይው፣ እኔ አለሁ› አለኝ።»

«ትንፋሽ ሲያጥራቸውስ ምን አደረግሽ?»

«ሮጬ ኢስሐቅን ቀሰቀስኩት። ‹ሙስተሽፋ፣ ሙስተሽፋ› አልኩት፣ ሆስፒታል እንውሰዳቸው ብዬ። ‹ዛሬ ታጥቧል፤ የማሽኑ ድካም ነው፤ ይተኛ› አለኝ። ሲት ኒዕማን እንዳልቀሰቅስም አስጠነቀቀኝ።»

ጥጋቡ ተነሳ። «ሙላዚም፣ ሶባ ደውልና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅልኝ» አለና በጆሮው ሹክ አለው። ሙላዚሙ ደወለ፣ አዳመጠ፣ አመስግኖ ዘጋ። ከዚያ በኋላ ማንንም ሳያማክር ሁሉም ሳሎን እንዲገቡ አዘዘ።

ተቀመጡ። ሲት ኒዕማ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ኢስሐቅ በር አጠገብ ቆመ። ይመኙሻል እጇን በሽርጧ እየጠረገች ገባች፤ ሬሕማ ምንጣፉ ዳር መሬት ላይ ተቀመጠች። ጥጋቡ በዐረብኛ ይናገርና ለሁለቱ ሴቶች መልሶ በአማርኛ ይለዋል፤ ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ እዚያ ቤት ሁለት ሁለት ጊዜ ተሰማ።

«ኡስታዝ ትንሽ ትንሽ መጠየቅ ያውቁበት ነበር» ሲል ጀመረ። «ሬሕማ ኤ ሲፕ ሰጥታለች። ይመኙሻል ኤ ስፑንፉል ሾርባ ሰጥታለች። ሲት ኒዕማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከዚህ በኋላ መደበቅ አይቻልም፤ እርስዎም ኤ ቺፕ በረዶ ሰጥተዋል። ሁላችሁም የሰጠሁት እኔ ብቻ ነኝ ብላችሁ ነበር የምታስቡት።»

ሦስቱ ሴቶች ተያዩ። ሲት ኒዕማ በባሏ ሞት ያልሸሸገችውን ፊቷን አሁን በቶቧ ሸፈነችው።

«በእኛ አገር ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። እዚህ ቤት ነገሩ ተገለበጠ፤ እናንተ ጌጥ ጌጡን ሰጣችሁ፣ ሸክሙ የሳቸው ሆነ። ግን ስሙኝ፤ ይህ አልገደላቸውም። ለወራት ስትሰጡ ኖራችኋል፣ ማሽኑም ለወራት ሲያወጣው ኖሯል። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። በዚያው ቀን ታጥቦ፣ ትርፍ ውሃው ወጥቶለት የገባ ሰው በዚያው ማታ እንዴት ይሞላል? አይሞላም። ስለዚህ አልታጠቡም።»

«ፋሻውን አይቻለሁ!» አለች ሲት ኒዕማ።

«አይተዋል፤ ቀኝ እጃቸው ላይ። መርፌው የሚገባው ግን ግራ እጃቸው ነው። ያሰረው ሰው ያንን አያውቅም፣ ምክንያቱም ደም ይፈራል፣ ገብቶ አይቶ አያውቅም። ጎዙ ላይ ጠብታ ደም የለም። ልብሳቸው የወንዝ ጭቃ ነክቶታል፣ ፎጣቸው ዓሣ ሸቷል። ጨው ያለበት የተጠበሰ ዓሣ በልተው መጡ፤ እንደ ትናንት ጠምቷቸው የማያውቀው ለዚህ ነው። ሙላዚሙ ሶባ ደውሎ ነበር። ትናንት ኡስታዝ ሳዲቅ የሚባል ሰው አልመጣም።»

ኢስሐቅ በግድግዳው ላይ ተንሸራቶ ተቀመጠ።

«አሚ ነው የለመነኝ» አለ። አሚ የሚለው አጎቱን ነው። «‹ኤ ሊትል ብሬክ› አለኝ፣ ትንሽ እረፍት። ‹ማሽኑ ሰለቸኝ፣ ለዛሬ ብቻ ወንዙን አሳየኝ፣ ለኒዕማ እንዳትነግራት› አለኝ። ዓሣ ገዛሁለት። እግሩን ውሃው ውስጥ ነክሮ ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ምን ላድርግ? ሲመለስ መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው፤ ተኝቶ ሳለ ፋሻውን አሰርኩለት። ነገ ሶባ እወስደዋለሁ ብዬ ነበር። ወላሂል ዓዚም፣ ነገ ልወስደው ነበር።»

«እስከዚህ ድረስ ማንም ይቅር ይልሃል» አለ ጥጋቡ። «ልጅቷ ስትቀሰቅስህስ?»

ኢስሐቅ እጁን በሱሪው ላይ ጠረገ።

«ሆስፒታል ከወሰድኩት ‹ትናንት ለምን አልመጣችሁም› ይሉኛል፣ ኻልቲ ኒዕማ ትሰማለች። ይነጋል፣ ይሻለዋል አልኩ። እየሰማሁት ነበር። ትንፋሹን በግድግዳው በኩል እየሰማሁት ነበር።»

«ሲነጋ ደግሞ ይህችን ልጅ ለፖሊስ ሰጠሃት።»

ልጁ ጉልበቱ ላይ ተደፋ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለሰመጠው ብቻ አይደለም፤ ለአጎቱ ሲል በደግነት የጀመራት ውሸት እሱን ደግሞ ወዴት እንዳደረሰችው ሁሉም አየ። ጥጋቡ ድሮ ወንጀለኛ በለየ ቁጥር የሚሰማው ኩራት አልመጣለትም። የሰው ጥማት አይቶ ማለፍ ያልቻለ ልጅ ነው ያጋለጠው፤ ሆኖም ያ ልጅ ስለ ራሱ ብሎ የሰው ትንፋሽ ሲቆረጥ አዳምጧል። ሁለቱም እውነት ነው። ሲት ኒዕማ ኢስሐቅ ሲወሰድ ቀና ብላ አላየችውም።

ሙላዚሙ የሬሕማን ካቴና ፈታ። «ነፃ ናት በላት። አንዲት ሲፕ ወንጀል አይደለችም።»

ጥጋቡ ነገራት። ሬሕማ አንጓዋን እንኳ አላሻሸችም።

«ጋሼ፣ እኔኮ ‹ገደልኳቸው› ያልኩህ ስለሰጠሁት አይደለም» አለች።

«ታዲያ ስለምን?»

«ጎህ ሲቀድ እጄን ያዙኝ። ‹ሬሕማ፣ ውሃ› አሉኝ። በእኛ በአማርኛ ነው ያሉኝ፤ እኔው ነኝ ቃሏን ያስተማርኳቸው። ትንሽ አላሉም። ሲፕ አላሉም። ውሃ ብቻ። እኔ ግን ሲት ኒዕማን ፈርቼ፣ ክልክል ነው ብዬ፣ በእሳቸው እንግሊዝኛ ‹ኖ› አልኳቸው። ሁለተኛ አልጠየቁኝም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በጥም ነው የሄዱት ጋሼ። የሚሞት ሰው ውሃ ሲለምነኝ ከለከልኩ። ለዚህ የሚያስረኝ ማነው?»

«ጋለት ሸኑ?» አለ ሙላዚሙ።

ጥጋቡ አሁን አንድም ቃል አላጎደለም። ጠዋት የደበቀውንም «እኔ ነኝ የገደልኳቸው» ያለችውን ጨምሮ ሁሉንም በዐረብኛ ተናገረ። ሲት ኒዕማ ሰምታ ስትጨርስ ተነሳች። ቁልፉን ከአንገቷ ለማውጣት ብትታገል ክሩ ከቶቧ ጋር ተጠላለፈባትና ተወችው። ከዚያ ምንጣፉ ዳር፣ ከሠራተኛዋ ጎን፣ ባዶ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ከልክዪ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለቻት።

ሬሕማ ዐረብኛውን ለመረዳት ወደ ጥጋቡ አየች። ጥጋቡ ከጎናቸው ቁጭ አለና ቃሉን እንዳለ በአማርኛ ነገራት።